ዝናብ የሸፈነው ምርቃት

የሚዛን ተፈሪ ሰው ስለ ሰርግ ቪዲዮ ያለው እምነት አንድ ነው፤ ሙሽራዋ አበባ ውስጥ ካልገባች ሰርጉ አልተቀረጸም። መጀመሪያ ትልቅ ቀይ አበባ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ከመሃሉ ሙሽሮቹ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ ልቦች እየበረሩ ይመጣሉ፤ በመጨረሻም ሁለት ነጫጭ እርግቦች ስክሪኑን አቋርጠው ወዴት እንደሚሄዱ ሳይታወቅ ይሄዳሉ። በየአጥሩ አበባ በሚያብብበት፣ ደኑ ራሱ በቡና አበባ ጊዜ ነጭ በሚለብስበት አገር፣ የሰዉ ልብ የሚረጋው በኮምፒውተር አበባ ነው። ምን ይደረግ፤ ሰው ደጁ ያለውን አያደንቅም።

ይህን አበባ ለከተማው የሚያበቅለው ጀይላን ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ስቱዲዮ አለው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር የባለሙያ ነው፤ የሚዛን፣ የቴፒና የሸኮ ሙሽሮች ሁሉ በእሱ አበባ ውስጥ አልፈዋል።

አማረች እንድርያስ ግን አበባ አታበቅልም። እንጀራዋ መድኃኒት ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሐኪሞችን ጽሕፈት ስትፈታ ትውላለች። ቪዲዮ ለእሷ የፍቅር ሥራ ነው። ትንሽ ካሜራ አለቻት፤ በእሷም የጎረቤት ልጅ ልደት፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ የቡና ለቀማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተጫዋቾቹ ከጭቃው የማይለዩበት የእግር ኳስ ግጥሚያ ቀርጻለች። ኤዲት የምታደርገው አሮጌው ላፕቶፕዋ ሲገዛ ይዞት በመጣው ፕሮግራም ነው። አንድ የምስል መስመር፣ ከሥሩ አንድ የድምፅ መስመር፤ የማትፈልገውን ትቆርጣለች፣ የቀረውን ትቀጥላለች፣ አለቀ። ፊልሞቿ አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ ያያቸው ሁሉ ይስቃል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል፤ ከዚያ ተነሥቶ «ያምራል፤ አበባ ብቻ ነው የጎደለው» ይላል።

ጀይላን ባገኛት ቁጥር ይጨቀጭቃታል። «አማሪ፣ ያንን መጫወቻ ጣይው። እኔ የምሠራበትን ልጫንልሽ። በማንኪያ ጉድጓድ እየቆፈርሽ እኮ ነው።»

«ጉድጓድ ማን ፈለገ?» ትለዋለች እሷ። «እኔ ሻይ ነው የማማስለው። ለሻይ ዶማ ላንሣ?»

መልሱ ጥሩ ነው፤ ከተማው ውስጥም ተወርቶለታል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ግማሹ ብልሃት፣ ግማሹ ፍርሃት ነበር። አንድ ቀን ጀይላን ስቱዲዮው አስገብቷት ያንን ሶፍትዌር ከፍቶ አሳይቷት ነበር። ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁልፍና በመስኮት የታጨቀ ነው፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። አማረች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብላ ስቃ ወጣች፤ ለመማርም ተመልሳ አልመጣችም። የሚፈሩትን ነገር መናቅ የቆየ የሰው ልጅ ብልሃት ነው።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ወንድሟ ባምላኩ አገባ። ሙሽራዋ ሔለን የጋሽ ሐዲስ ልጅ ናት። ጋሽ ሐዲስ ከወደ ወልቂጤ መጥቶ ሚዛን ላይ የከበረ የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ ነው፤ በከተማው ውስጥ እሱ ያልሸጠው ጣሪያ አይገኝም። የሙሽራዋ ወገኖች ቪዲዮውን ጀይላን እንዲቀርጸው ፈለጉ። ባምላኩ ግን ሙጭጭ አለ።

«እኅቴ እያለች የሰው እጅ አላይም» አለ።

«አበባውስ?» አለች የሔለን እናት።

«አበባው ይቅርብን፤ እኛ ንብ አይደለንም።»

እንዲህ ተብሎ ነገሩ በሳቅ አለቀ። ካሜራው አማረች ትከሻ ላይ ወደቀ።

ከሁሉም ይበልጥ ለሰርጉ የተዘጋጀው ግን የአማረችና የባምላኩ አባት፣ ጋሽ እንድርያስ ነው። ጋሽ እንድርያስ ከሸኮ ወጣ ብሎ ያለ ቡና አብቃይ ነው፤ በአካባቢው ሰርግ ሲሆን፣ እርቅ ሲሆን፣ ቤት ሲመረቅ የሚጠራው እሱ ነው። ከመመረቁ በፊት ከዘራውን ያገኘው እንጨት ላይ ኳ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ልጅ ቢያለቅስ እንኳ ዝም ይላል ይባልለታል። እስከዚያ ድረስ ግን መርቆ የሚያውቀው በቤንችኛ ብቻ ነበር። አሁን አማቾቹ ቤንችኛ አይሰሙም። ስለዚህ ሽማግሌው የአንድ ወንድ ልጁን ምርቃት በአማርኛ አዘጋጀ፤ የቡና ዛፎቹ መካከል ቆሞ ለወራት ጮክ ብሎ ተለማመደው። ጎረቤቶቹ እንድርያስ ምን ነካው እያሉ ተጨነቁ፤ እሱ ግን ለቡናው «ደጃችሁ እንግዳ አይጣ» እያለ፣ አሜንም ራሱ እየመለሰ፣ ቀጠለ።

የአሜኑ ነገር ለእሱ ቀልድ አይደለም። «መራቂው ዘሪ ነው፤ አሜን ደግሞ አፈሩ ነው» ይል ነበር። «አሜን ያልተባለበት ምርቃት ድንጋይ ላይ የተዘራ ነው፤ ወፍ ይለቅመዋል።»

ጥር በሌላው አገር የፀሐይ ወር ነው። ሚዛን ግን ዝናቡ ወር አይቆጥርም፤ ደስ ሲለው ይመጣል። ይህን የሚያውቀው ጋሽ ሐዲስ ልጁ በሸራ ዳስ ሥር እንድትዳር አልፈቀደም። ከመጋዘኑ አዳዲስ ቆርቆሮ አስወጥቶ ዳሱን ከዳር እስከ ዳር አስመታው። ሲያብረቀርቅ ከመናኸሪያው ይታይ ነበር። ሰዉ ሁሉ አደነቀ፤ ጠብታ አያስገባም ተባለ። እውነት ነው፤ ጠብታ አላስገባም። ኮርኒስ በሌለው አዲስ ቆርቆሮ ሥር የሚዛን ዝናብ ሲወርድ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ግን፣ ዕድሜውን በሙሉ ቆርቆሮ የሸጠው ጋሽ ሐዲስ እንኳ ያን ቀን አላሰበበትም።

ምሳው ተበልቶ፣ መዘምራኑ ዘምረው፣ ሽማግሌው ለምርቃት ሲነሣ ሰማዩ ጠቆረ። ጋሽ እንድርያስ ነጭ ጋቢውን አስተካከለ፤ ከዘራውን አንሥቶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ኳ አደረገ። ዝናቡ ልክ ከዘራው የጠራው ይመስል በዚያች ቅጽበት ወረደ። መብራቱም እንደ ልማዱ ዝናቡን ተከትሎ ጠፋ፤ ማይክራፎኑ አብሮት ሞተ።

ሽማግሌው አላቆመም። አማረች በካሜራዋ ዓይን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ድምፁን ግን ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆና አልሰማችውም። ፊት ለፊት የተቀመጡት የአፉን እንቅስቃሴ እየገመቱ አሜን አሉ፤ ግን አሜኑ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ወደቀባቸው። የጎን ረድፎች ጎርፉ እግራቸው ሥር ሲገባ ወንበር ማሸሽ ጀመሩ። ጋሽ እንድርያስ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። በመጨረሻ ከኋላ ያሉት እንግዶች ያለቀ መሰላቸውና አጨበጨቡ። ጭብጨባው ወደ ፊት ተዛመተ፤ እልልታም ተጨመረበት።

ሽማግሌው አፉን እንደ ከፈተ ሕዝቡን አየ። ከዚያ ዘጋውና ተቀመጠ።

ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ እንድርያስ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ወደ ሸኮ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሮ ነበር። በማግስቱ ባምላኩ ደውሎ ይቅርታ ቢለምነው፣ ለመጪው እሑድ መልስ ወደ ጋሽ ሐዲስ ቤት መጥቶ እንደገና እንዲመርቃቸው ቢማጸነው፣ ሽማግሌው አልተቆጣም፤ አልጮኸም።

«ምርቃት እንደ ወጥ አይሞቅም ልጄ» አለና ስልኩን ዘጋ።

ባምላኩ ስልኩን ይዞ ቀረ። «ሳልመረቅ አገባሁ ማለት ነው» አለ ለእኅቱ። ጎልማሳ ነው፤ ጢሙ ሙሉ ነው፤ ግን ድምፁ ተሰበረ። አማረች ቤት ስትገባ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ቪዲዮውን ከፈተች። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ የአባቷ ፊት፣ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ፣ ሁሉም አለ። ድምፁ ግን ዝናብ ብቻ ነው። ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ብትሰማም ቆርቆሮው እንጂ አባቷ አልመጣም።

የማይጠፋ ነገር አይጠፋም ይባላል፤ አክስት ቲጂን ማን አሰባት። አክስት ቲጂ የጋሽ እንድርያስ ታናሽ እኅት ናት፤ ስብከት በሄደችበት ሁሉ ሞባይሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀዳለች፤ ሜሞሪዋ ውስጥ ከመጋቢው ሳል ጀምሮ ያልተቀዳ ነገር የለም። ዘመዱ ሁሉ ይስቅባታል። በማግስቱ መድኃኒት ልትገዛ ወደ አማረች ብቅ አለችና፣ እንደ ዋዛ፣ «የወንድሜን ምርቃት እኔስ ቀድቼዋለሁ፤ ለራሴ ነው፤ አጠገቡ ነበርኩ» አለች።

አማረች የያዘችውን ክኒን ጠረጴዛ ላይ በተነችው።

ቅጂው ውስጥ ዝናቡ አለ። ከዝናቡ በላይ ግን፣ ጎርነን ብሎ፣ የጋሽ እንድርያስ ድምፅ አለ፤ ቃል በቃል።

አማረች ያን ዕለት ከሥራ መልስ ላፕቶፕዋን ከፍታ ከማንኪያዋ ጋር ትግል ገጠመች። የካሜራውን ድምፅ ዘጋች፤ የሞባይሉን ድምፅ ከሥሩ አስቀመጠች። መጀመሪያ ላይ ልክ የሆነ መሰለ። ትንሽ ሲሄድ ድምፁ ከአፉ ቀደመ፤ ሽማግሌው ገና ትንፋሽ እየሳበ ሳለ ቃሉ ይወጣል። ሁለቱን ድምፅ ጎን ለጎን አስተያይታ ልታስተካክል ብትል ያለው መስመር አንድ ነው፤ አንዱን ስታስገባ ሌላው ይወጣል። ዝናቡን ልቀንስ ብትል አባቷም አብሮ ይቀንሳል። ስትቆርጥ፣ ስትቀጥል፣ ስታፈርስ ሰነበተች። ይህች ፕሮግራም ስንት ዓመት አላሳፈረቻትም፤ አሁንም ጥፋቱ የፕሮግራሟ አልነበረም። ማንኪያ ማንኪያ ነው።

የሰው አፍ አማረችን ስንት ዓመት ሊያስለውጣት ሞክሮ አልቻለም። አበባ ለምን የለውም ሲሏት አልተለወጠችም፤ የልጅ መጫወቻ ሲሏትም አልተለወጠችም፤ ደግም አደረገች። ለሰው አፍ ተብሎ የተቀየረ ዕቃ አቧራ ይጠጣል። አሁን ግን አንድ ሥራ ፊቷ ቆሟል፤ ሥራውን ታውቀዋለች፣ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፣ እጇ ላይ ያለው ግን አይችለውም። ይህ ሌላ ነገር ነው። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ላፕቶፕዋን አነሣችና ባጃጅ ይዛ ወደ መናኸሪያው ወረደች።

ጀይላን አንድ ሙሽራ አበባ ውስጥ እያስገባ ነበር።

«ጀይላን» አለችው በሩ ላይ ቆማ፣ «ጉድጓዱ መጣ።»

ጀይላን ወንበሩን ዞር አድርጎ አያት። ይህችን ቀን ስንት ዓመት ጠብቋታል። ትንሽ ሳይደሰትባት አላለፈም፤ ሰው ነውና። «ሻዩ ቀዘቀዘ?» አላት።

«ቀልድህን ኋላ ታመጣለህ። ይህን ስማ።»

የሞባይሉን ድምፅ ሰማ። የካሜራውን ምስል አየ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሙሽራዋን አበባው ደጃፍ ላይ አቁሞ ፋይሉን ዘጋና ወንበር ሳበላት። «እኔ ብሠራው ዛሬውኑ ያልቃል» አላት። «ግን አባትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የቱ ጋ እንደሚተነፍስ እኔ አላውቅም። እኔ ላሳይሽ፣ አንቺ ሥሪው።»

እንዲህ ሆኖ አማረች ዓመታት የሸሸችው ስክሪን ፊት ተቀመጠች። ጀይላን ያን ሁሉ ቁልፍ አላስተማራትም። «ይሄን ሁሉ እኔም አላውቀውም» አላት፤ አማረችም ይህን በመስማቷ ከባድ ሸክም የወረደላት ያህል ተነፈሰች። ያሳያት ለዚያ ሥራ የሚያስፈልጋትን ብቻ ነው። ምስሉ ከላይ፤ ከሥሩ የካሜራው ድምፅ፤ ከእሱ ሥር የሞባይሉ ድምፅ፤ ከፈለግሽ ሌላም ሌላም፤ መስመር ሞልቷል። ድምፁ ራሱ ስክሪኑ ላይ ተስሎ ይታያል፤ ጩኸቱ ጉብ ይላል፣ ዝምታው ዝቅ ይላል።

«መነሻ የሚሆን ነገር ያስፈልግሻል» አላት ጀይላን። «ምስሉም ላይ የሚታይ፣ ድምፁም ላይ የሚሰማ።»

አማረች ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። «ከዘራው» አለች።

ከዘራው የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲነካ በምስሉ ይታያል፤ በአክስት ቲጂ ሞባይል ደግሞ «ኳ» ብሎ ይሰማል፤ ዝናቡ ገና አልወረደም ነበርና ቁልጭ ያለ ነው። ሁለቱን አገጣጠመቻቸው። ከዚያ የአባቷን ትንፋሽ እየተከተለች፣ ድምፁ ከአፉ በቀደመበት ሁሉ በዝምታው ቦታ ቆርጣ ተከታዩን እያዘገየች፣ ቃሉን ወደ ከንፈሩ መለሰችው። የሐኪም ጽሕፈት ስታነብ የኖረች ሴት ይህ አያቅታትም። ዝናቡን መቀነሻውንም ጀይላን አሳያት፤ ማንም የማይናገርበትን፣ ዝናብ ብቻ ያለበትን ቦታ ትመርጪና ለሶፍትዌሩ «የማልፈልገው ይህን ነው» ትይዋለሽ። አንዴ ብዙ ቀንሳ የአባቷ ድምፅ ከቆርቆሮ ጣሳ የሚወጣ መሰለ፤ ደነገጠች፤ መለሰችው። በመጨረሻ ዝናቡን ሙሉ በሙሉ አላጠፋችውም፤ ከሩቅ እንዲሰማ ተወችው። የሚዛን ሰርግ ነዋ።

ሥራው መሃል ላይ መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ጀይላን ጄኔሬተሩን እየጎተተ አስነሣ። በሦስተኛው ቀን አማረች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወተችው። አባቷ ከዘራውን አነሣ፤ አንኳኳ፤ ተናገረ። አፉና ቃሉ አንድ ነበሩ። አማረች እንባዋን ከለከለችና ተሳካላት፤ ጀይላን ግን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«የውለታዬን ዋጋ ልንገርሽ» አላት ቆይቶ። «አንድ አበባ። መጀመሪያው ላይ። ሙሽሮቹ ከውስጡ ብቅ ይበሉ። ሌላ አልፈልግም።»

«ጀይላን፣ እባክህ።»

«ከተማው ምን ይለኛል? ከእኔ ስቱዲዮ አበባ የሌለው ፊልም ወጣ ይባል?»

አማረች ሳቀች። አበባዋን ፈቀደች። ልትወጣም ስትል ላፕቶፕዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ይህን ሶፍትዌር የሚሸከም መሆኑን እይልኝ፤ ከቻለ ጫንልኝ። የድሮውን ግን እንዳታጠፋብኝ፤ ሻይም እኮ አለ።»

ቅዳሜ ወደ ሸኮ ወጣች። አባቷ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና በእጁ እያገላበጠ ነበር፤ ሰላም አላት፣ ወንበር አስመጣላት፣ የመልሱን ነገር ግን አልነካም። አማረችም ስለ ምርቃት አላነሣችም። ባነሣው ይሸሻል ብላ ፈርታለች።

«አባዬ» አለችው፣ «ስንት ዓመት ስቀርጽ አንድ ቀን ፊልሜን አይተህልኝ አታውቅም። የነገውን እይልኝ።»

ሽማግሌው ቡናውን ማገላበጡን አላቆመም። የልጁን ካሜራ በልቡ የጨዋታ ነገር አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ። «መቀመጫ አልፈልግም» አለ በመጨረሻ። «በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ይበቃኛል።»

የእሑዱ መልስ የተደረገው ጋሽ ሐዲስ ቤት፣ ኮርኒስ ባለው በትልቁ ሳሎን ውስጥ ነው። ጋሽ ሐዲስ ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ከገዛ ቆርቆሮው ጋር ተኳርፎ ሰንብቷል፤ ደጅ የተጨመረችው ትንሿ ዳስ እንኳ በሸራ ነበር የተሸፈነችው። ሳሎኑ ሞልቶ ወደ በረንዳው ፈሰሰ። ጀይላን ፕሮጀክተሩንና ስፒከሩን ይዞ መጥቷል፤ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። ጋሽ እንድርያስ እንዳለው አደረገ፤ ሰው ወንበር ቢለቅለት እንቢ ብሎ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ በሩ ላይ ቆመ።

አበባው ተከፈተ። ባምላኩና ሔለን ከመሃሉ ብቅ አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ የሔለን እናት ተነሥታ አጨበጨበች። «አየሽ?» አላት ጀይላን አማረችን በክርኑ ነካ አድርጎ። አማረች አልሰማችውም። ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም።

ዘፈን አለፈ፤ ምሳ አለፈ። ከዚያ ሙዚቃ ጠፋና ጋሽ እንድርያስ በነጭ ጋቢው አንሶላው ላይ ተነሣ። ከዘራውን ከፍ አደረገ።

ኳ።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ።

«ሁለት ቤት ነበርን» አለ የሽማግሌው ድምፅ፣ ጎርናና፣ ጥርት ያለ፤ ዝናቡ ከሩቅ ሹክ ይላል። «አንድ ቤት አደረጋችሁን። እኛን አንድ ያደረገ እናንተን አይለያችሁ።»

ሰው ለአንሶላ አሜን ይባል አይባል አያውቅም። ቀድሞ ያወጣው ጋሽ ሐዲስ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «አሜን» አለ።

ከዚያ ሁሉም ተነሣ።

«ደጃችሁ እንግዳ አይጣ።»

«አሜን።»

«ምድጃችሁ እሳት አይጣ።»

«አሜን።»

«ስማችሁ እንደ ኮረሪማ ከሩቅ ያውድ።»

«አሜን» አለ ቤቱ፤ በረንዳው ተቀበለው፤ መንገድ ላይ ባጃጁን ያቆመ አንድ ሹፌርም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አሜን አለ። አማረች እያንዳንዱን ትንፋሽ አባቷ ላይ ሰክታ፣ በየመሃሉ ለአሜን የሚሆን ቦታ ትታ ነበር፤ አሁን ያ ቦታ ሁሉ ሞላ። ባምላኩ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሔለን እጁን ይዛዋለች። የተዘራው ሁሉ አፈር አገኘ።

«ልጆቻችሁ —» አለ አንሶላው ላይ ያለው ሽማግሌ። እዚያ ላይ ነበር ሰዉ ያጨበጨበው። አማረች ጭብጨባውን ቆርጣ አውጥታዋለች። ምስሉ አባቷ አፉን እንደ ከፈተ ቆመ፤ ሙዚቃ የለ፣ አበባ የለ፣ እርግብ የለ። ምርቃቱን በሌላ ነገር ልትጨርሰው አልደፈረችም፤ የእሷ አልነበረምና።

ጀይላን ወደ ቁልፉ እጁን ሰደደ፤ አማረች እጁን ያዘችው።

ኳ።

ከኋላ ነው የመጣው፤ ከበሩ ጉበን። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ጋሽ እንድርያስ ከዘራውን ከጉበኑ አንሥቶ፣ ሰዎቹ መሃል በከፈቱለት መንገድ ወደ ፊት መጣ፤ አንሶላው ላይ ከቆመው ከራሱ ምስል ጎን ቆመ። ጉንጩ ረጥቦ ነበር፤ አልጠረገውም።

«ልጆቻችሁ» አለ ካቆመበት ቃል ተነሥቶ፣ «የሚሰማ ጆሮ ይስጣቸው።»

ቤቱ ሳቀም አለቀሰም፤ አሜኑ ግን ኮርኒሱን አናወጠው። ሽማግሌው ለወራት ለቡናው ሲያሰማው የኖረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ድረስ አወረደው፤ አንድም ቃል አልቀረም፤ አንድም አሜን አልዘገየም። ሙሽሮቹ ጉልበቱን ሳሙ። ጋሽ ሐዲስ አማቹን አቅፎ ስለ ቆርቆሮው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ጋሽ እንድርያስ «ቆርቆሮህ ምን አደረገ፤ ጥሩ ቆርቆሮ ነው» አለው፤ ሰዉም እንደገና ሳቀ።

ከዚያ ሽማግሌው በዓይኑ ልጁን ፈለገ። አማረች ፕሮጀክተሩ አጠገብ፣ ኬብሎቹ መሃል ቆማ ነበር። ካሜራዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ይህን ቀን ልቅረጽ ብላ እንኳ አላሰበችም። አባቷ ከዘራውን ሦስተኛ አላንኳኳም። ሁለቱንም እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«ዝናብ የወሰደብኝን መለሰችልኝ» አለ። «እጅሽ ይባረክ ልጄ።»

«አሜን» አለ ቤቱ በሙሉ። በመሃሉ አንድ «አሚን» ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ፤ የጀይላን ነበር።